እቴጌ ጣይቱ ብጡል፤ ሥራቸውና ሥልጣናቸው

የማኅበራችን የዝግጅት ክፍል ለዚህ ዓመት እትም የአንድ ታላቅ ሰው የሕይወት ታሪክ እንዳቀርብ ሲያዘኝ፣ ከሙያችን ጋር የሚዛመድ ሰው እንድመርጥ ይጠበቅብኝ ነበር። ድልድይ ያልነደፉትን፣ የዘመናዊ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጡትን እቴጌ ጣይቱ ብጡልን መምረጤ ለአንዳንድ ባልደረቦቼ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ አብዛኞቻችን የምንኖርባትንና የምንሠራባትን ከተማ ቦታ የመረጡት፣ ስሟንም ያወጡላት እሳቸው ናቸው። በ1888 ዓ.ም. የመቀሌው ምሽግ በመድፍ ሳይሆን በውኃ ጥም እንዲፈታ ምክሩን ያቀረቡትም እሳቸው እንደ ሆኑ የታሪክ ጸሐፊዎች ይመሰክራሉ። ቦታ መምረጥና የውኃን መንገድ ማወቅ ደግሞ የእኛም የዕለት ተዕለት ሥራ ነው።

ስለ እቴጌ ጣይቱ ሲነገር ዘወትር የሚነሣው ቁጣቸውና ጀግንነታቸው ነው። ይህ እውነት ቢሆንም ሙሉ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ለማመልከት የምሞክረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ትልቁ ሥራቸው የስንቅ፣ የውኃ፣ የቦታ ምርጫና የሰነድ ምርመራ ሥራ እንደ ነበረ ነው። ሁለተኛው፣ ይህን ሁሉ ያከናወኑበት ሥልጣን በምን ላይ ቆሞ እንደ ነበረና ስለ ምን በአጭር ጊዜ ውስጥ እንደ ፈረሰ ነው። አንባቢ እንዲያውቀው ያህል፣ ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአገራችን አቆጣጠር የተጻፈ ነው።

ትውልድና አስተዳደግ

እቴጌ ጣይቱ የተወለዱት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ ነው። በአባታቸው በብጡል ኃይለ ማርያም በኩል ከሰሜን ገዢዎች ቤት ይወለዳሉ። የአባታቸው ወንድም ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ሰሜንንና ትግራይን ለብዙ ዓመታት የገዙ ኃያል መስፍን ነበሩ። የየጁ መሳፍንት ደምም ነበራቸው። እንዲህ ያለ ትውልድ በዚያ ዘመን መከበሪያ ብቻ አልነበረም፤ መከራንም ይጠራ ነበር። ደጃዝማች ውቤ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ በደጃዝማች ካሣ ድል ተመትተው ሲያዙ፣ ካሣም ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ሲነግሡ፣ የሰሜን ቤት ኃይል ተሰበረ። ቤተሰቡም ተበታተነ።

ጣይቱ የልጅነታቸውን ከፊል ዘመን በጎጃም፣ በደብረ መዊ ገዳም አካባቢ እንዳሳለፉ ይነገራል። በዚያ ጊዜ ለሴት ልጅ ብዙም ያልተለመደውን ንባብና ጽሕፈት ተማሩ። ግእዝም ያውቁ ነበር፤ በገና ይደረድሩ፣ ሰንጠረዥ ይጫወቱ ነበር። ይህ ትምህርት ኋላ በመንግሥት ሥራ ውስጥ ምን ያህል እንደ ጠቀማቸው ከዚህ በታች እናያለን። ወደ ሸዋ ከመምጣታቸው በፊት ከአንድ ጊዜ በላይ ትዳር ይዘው ፈትተዋል። ስለዚህ ከንጉሥ ምኒልክ ጋር ሲገናኙ የሰው ጠባይ የሚያውቁ፣ የቤተ መንግሥትን ውጣ ውረድ ያዩ የበሰሉ ሴት ነበሩ። ወንድማቸው ወሌ ብጡልም ከምኒልክ ጋር የተዋወቁት ሁለቱም በመቅደላ በእስር ላይ ሳሉ ነው ይባላል።

ጋብቻው የተፈጸመው በ1875 ዓ.ም. በትንሣኤ ሰሞን፣ በአንኮበር መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን፣ በቁርባን ነው። የቁርባን ጋብቻ የማይፈርስ ስለ ሆነ በዚያ ዘመን መኳንንት ዘንድ ብዙ አይዘወተርም ነበር። ምኒልክ ቀደም ሲል ከወይዘሮ ባፈና ጋር ሲኖሩ ወይዘሮዋ በ1869 ዓ.ም. ዙፋኑን ለራሳቸው ልጅ ለማድረግ አሲረውባቸው እንደ ነበር ይታወቃል። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው ዳግመኛ ሚስቱን በመንግሥት ጉዳይ ያማክራል ተብሎ አይጠበቅም ነበር። ምኒልክ ግን ጣይቱን አመኑ። የእቴጌይቱ የ27 ዓመት የመንግሥት ሥራ በዚህ እምነት ላይ የቆመ ነው።

ከእንጦጦ ወደ ፍል ውኃ

ምኒልክ በ1870ዎቹ ዓመታት ከተማቸውን በእንጦጦ ተራራ ላይ አድርገው ነበር። እንጦጦ ለጦር ምሽግ የሚመች ነው፤ ጠላት ከሩቅ ይታያል፣ መውጫውም አስቸጋሪ ነው። ለከተማ ግን አይመችም። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር ከፍ ያለ በመሆኑ ብርዱና ነፋሱ የጸና ነው፤ ውኃውና ማገዶውም እንደ ልብ አይገኝም። ከተራራው በታች ያለው የፊንፊኔ ሜዳ በአንጻሩ ሞቃት ነበር፤ ጅረቶች ያቋርጡታል፣ ፍል ውኃም ይፈልቅበታል። የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ወደ ፍል ውኃው እየወረዱ ይታጠቡ፣ ይታከሙ ነበር።

እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. በዚሁ ሜዳ ላይ ቤት እንዲሠራላቸው ጠየቁ፤ ተፈቀደላቸውም። ቦታውንም አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። በዚያው ዓመት ምኒልክ ወደ ሐረር ዘመቱ። ከዘመቻው መልስ መኳንንቱ ቦታ እየተመሩ፣ እያንዳንዱም ከነጭፍራው ዙሪያውን ሰፈረ። ዛሬ በመኳንንቱ ስም የሚጠሩት ሰፈሮች ከዚያ የሰፈራ ሥርዓት የመጡ ናቸው።

በሙያችን ዓይን ስንመለከተው ይህ ውሳኔ ቀላል አልነበረም። ከኮረብታ ምሽግ ወደ ሜዳ መውረድ ማለት የመንግሥቱን ከተማ መሠረት ከጦርነት ወደ ሰላም ማዛወር ማለት ነው። በሌላ በኩል ከተማዋ ያለ ፕላን የተቆረቆረች በመሆኗ፣ ሰፈሮቿ በየጉብታው ተበታትነው በጅረትና በገደል የተለያዩ ነበሩ። ያንን መበታተን በመንገድ፣ በድልድይና በውኃ መስመር ለማገናኘት የደከመ ባልደረባ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ነገር ግን ስፍራው ራሱ ጥሩ ምርጫ እንደ ነበረ ዘመን መስክሮለታል። በ1890ዎቹ መጀመሪያ የማገዶ እንጨት አልቆ ከተማዋ ልትለቀቅ ተቃርባ ነበር፤ ዐፄ ምኒልክም ወደ ምዕራብ ሄደው አዲስ ዓለምን ማሠራት ጀምረው ነበር። ከውጭ አገር የመጣው ባሕር ዛፍ ፈጥኖ በማደጉ አዲስ አበባ ባለችበት ጸናች። ከእንጦጦ ተራራ ወደ ቤተ መንግሥቱ ውኃ በቧንቧ የወረደውም በስዊሱ መሐንዲስ በአልፍሬድ ኢልግ አማካይነት በ1880ዎቹ ዓመታት ነው። እቴጌይቱ የመረጡት ቦታ ከተራራው በታች መሆኑ ውኃው ያለ መሣሪያ ግፊት በራሱ ክብደት እንዲወርድ አስችሎታል።

የእቴጌይቱ የአስተዳደር ችሎታ ጎልቶ የታየበት ሌላው መስክ ግብር ነው። በ1880 ዓ.ም. የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ ያዘጋጁት ግብር በዜና መዋዕል ውስጥ በዝርዝር ተጽፏል። እንዲህ ያለው ድግስ የቅንጦት ነገር ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። እህሉ፣ ማሩ፣ ቅቤውና ሰንጋው ከየአውራጃው የሚሰበሰብበትን፣ የሚጓጓዝበትን፣ የሚከማችበትንና ለብዙ ሺህ ሰው በየማዕረጉ የሚከፋፈልበትን ሥርዓት ማቀናበር ይጠይቃል። ከስምንት ዓመት በኋላ ሠራዊት ወደ ሰሜን ሲዘምት ያስፈለገው ይኸው ችሎታ ነው።

የክፉ ቀን ረኃብና የውጫሌ ውል

ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከወደቁ በኋላ፣ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ። ከሁለት ቀን በኋላ ጣይቱ እቴጌ ተብለው ተቀቡ፤ ብርሃን ዘኢትዮጵያ የሚለውም ስም ተሰጣቸው። ዘመኑ ግን የደስታ ዘመን አልነበረም። የከብት እልቂት አገሩን አዳርሶ፣ በሬ ያጣው ገበሬ ማረስ ተስኖት፣ ክፉ ቀን የተባለው ረኃብ እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ ሕዝቡን ፈጀው። ንጉሠ ነገሥቱ በገዛ እጃቸው እየቆፈሩ ምሳሌ ሲሆኑ፣ የቤተ መንግሥቱም ጎተራ ለተራበው ተከፍቷል።

በዚያው ወራት የመጣው ሁለተኛው ፈተና በወረቀት የመጣ ነው። በሚያዝያ 1881 ዓ.ም. ከኢጣሊያ ጋር የተፈረመው የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 በሁለቱ ቋንቋዎች የተለያየ ነገር ይናገር ነበር። በአማርኛው ጽሑፍ መሠረት የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች የኤውሮጳ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ፣ ቢፈልጉ በኢጣሊያ መንግሥት አማካይነት ሊጠቀሙ ይችላሉ። የኢጣሊያንኛው ግን ይህን ፈቃድ ወደ ግዴታ ለውጦ አገሪቱን በኢጣሊያ ጥበቃ ሥር ያደርጋት ነበር። ነገሩ የተገለጠው ምኒልክ መንገሣቸውን ለኤውሮጳ ነገሥታት ባስታወቁ ጊዜ በመጣው መልስ ነው፤ ጉዳያቸውን በኢጣሊያ በኩል እንዲያቀርቡ የሚጠይቅ ነበርና።

ኮንት አንቶኔሊ ጉዳዩን ለማለዘብ በ1883 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ መጣ። በድርድሩ ላይ እቴጌ ጣይቱ ተቀምጠው ይከራከሩ ነበር። ምኒልክ በጠባያቸው ታጋሽ፣ ነገርን በማዘግየት የሚያሸንፉ ሰው ነበሩ፤ እቴጌይቱ ደግሞ የቃሉን ትርጉም ይዘው የማይለቁ ነበሩ። ሁለቱ ጠባዮች ተደጋግፈው ሠሩ። የውጭ ሰዎች ይህን ባለመረዳት እቴጌይቱን የነጭ ጠላት፣ ንጉሡን ደግሞ የሚስታቸው ተገዢ አድርገው ጽፈዋል። ነገር ግን እቴጌይቱ የያዙት ነጥብ ከስሜት የመነጨ አልነበረም። ፊርማ የሚጸናው በሚነበበው ቃል ነው፤ ቃሉ ደግሞ በሁለቱ ቋንቋዎች አንድ መሆን አለበት ነበር የሚሉት። ማንኛችንም የሥራ ውል የተፈራረምን ሰዎች ይህን ነጥብ እናውቀዋለን። አንቶኔሊ ያለ ውጤት ተመለሰ። ምኒልክም በየካቲት 1885 ዓ.ም. ውሉን ማፍረሳቸውን ለኤውሮጳ መንግሥታት አስታወቁ፤ ከኢጣሊያም የተበደሩትን ገንዘብ መለሱ።

የመቀሌ ምሽግ

በመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት ዐዋጅ ታወጀ፤ በጥቅምት ሠራዊቱ ከአዲስ አበባ ተነሣ። እቴጌ ጣይቱ የራሳቸውን ጦር ይዘው ዘመቱ፤ ብዛቱ እስከ 5,000 እንደሚደርስ ይነገራል። ከዚህ ይልቅ ሊስተዋል የሚገባው ግን የጉዞው ርዝመት ነው። ወደ 100,000 የሚገመት ሠራዊት ወደ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ፣ መኪናና ባቡር በሌለበት፣ በእግርና በአጋሰስ መጓዝ ነበረበት። ስንቁ በየአውራጃው አስቀድሞ ባይከማች ኖሮ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶችም ጭኮውን፣ በሶውንና ቋንጣውን አዘጋጅተው፣ እንጀራ ጋግረውና ውኃ ቀድተው ባይከተሉ ኖሮ፣ ያ ሠራዊት ዐድዋ ሳይደርስ በተበተነ ነበር።

ኅዳር 28 ቀን አምባላጌ ላይ የመጀመሪያው ድል ተገኘ። ቀጥሎ ያለው መቀሌ ግን ሌላ ነገር ነበር። ኢጣሊያኖች ከከተማው በላይ ባለው በእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ላይ ጠንካራ ምሽግ ሠርተው ነበር። ግንቡ ወፍራም ነው፤ ዙሪያው በሹል እንጨት፣ በሽቦና በተሰባበረ ጠርሙስ ታጥሯል። ኢትዮጵያውያን በታኅሣሥ መጨረሻ ደጋግመው ቢያጠቁትም ብዙ ሰው አለቀ እንጂ ምሽጉ አልተበገረም። ይህ ጸሐፊ ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥራ ወደ መቀሌ ሄዶ በዚያ ኮረብታ ላይ ቆሞ ነበር። ቦታው ዛሬ በዩኒቨርሲቲው ይዞታ ውስጥ ነው። ከላይ ሆኖ ቁልቁል ሲታይ የምሽጉ ሠሪ ምን ያህል ጥሩ የተኩስ ቦታ እንደ መረጠ ግልጽ ነው። የዚያኑ ያህል ግልጽ የሆነው ደግሞ ጉድለቱ ነው፤ የመጠጥ ውኃው ምንጭ ከግንቡ ውጭ፣ ከኮረብታው በታች ነበር።

ይህን ጉድለት አይተው በግንቡ ላይ ሰው ከመጨረስ ይልቅ ምንጩን መያዝ እንደሚሻል ለንጉሠ ነገሥቱ ያመለከቱት እቴጌ ጣይቱ ናቸው። ምክራቸው ተቀባይነት አግኝቶ ሰዎቻቸው ሌሊት ወርደው ምንጩን ያዙ፤ ኢጣሊያኖች ሊያስለቅቁ ቢሞክሩም አልተቻላቸውም። ዘቡ ቀንና ሌሊት እየተፈራረቀ ጠበቀ። ምሽጉ ውስጥ ያለው ውኃ በልክ ይታደል ጀመር፤ የጋማ ከብቶቹ በጥም አለቁ። የምሽጉ አዛዥ ሻለቃ ጋሊያኖ ለመጽናት ቢሞክርም በጥር አጋማሽ ምሽጉን ለማስረከብ ተገደደ። ወታደሮቹ በስምምነት መሠሪያቸውን ይዘው እንዲወጡ ተፈቀደላቸው።

ከዚህ ታሪክ መማር የሚገባን ነገር አለ። የአንድ ሥራ ብርታት የሚለካው እጅግ በጠነከረው ክፍሉ አይደለም። ግንቡን የሠራው መሐንዲስ ሙያውን የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ውኃውን ግን ረሳው ወይም ናቀው። ድክመቱን ያየችው የመሐንዲስነት ትምህርት ያላት ሴት አልነበረችም። ለብዙ ሺህ ሰው ውኃና ስንቅ ማቅረብ ምን ማለት እንደ ሆነ በሥራ የምታውቅ የቤት እመቤት ነበረች። ከውጭ ሆኖ ምሽግን የሚመለከት ተዋጊ ግንቡን ያያል፤ ሰው የሚመግብ ግን ውኃው ከየት እንደሚቀዳ ይጠይቃል።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ጦርነት እቴጌ ጣይቱ በጦር ሜዳው ተገኝተው ያፈገፈገውን እያበረቱ፣ ሴቶቹንም ውኃ ለሚዋጋውና ለቁስለኛው እንዲያደርሱ እያሰማሩ ዋሉ። በዚያ ቀን የጄኔራል ባራቲየሪ ጦር ተሰበረ፤ ሁለት የኢጣሊያ ጄኔራሎች ሞቱ፣ አንዱ ተማረከ። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው የሰላም ውል ኢጣሊያ የውጫሌን ውል መሻርና የኢትዮጵያን ፍጹም ነጻነት ተቀበለች። በወረቀት የተጀመረው ክርክር በወረቀት ተዘጋ።

ከድል በኋላ

ከዐድዋ በኋላ ባሉት ዓመታት አገሪቱ ለአዲስ ነገር በሯን ከፈተች። ስልክ፣ ባቡር፣ ባንክና ትምህርት ቤት የገቡት በዚያ ጊዜ ነው። እቴጌ ጣይቱ አዲስ ነገርን በሙሉ ይቃወሙ ነበር የሚለው ወሬ ከሥራቸው ጋር አይስማማም። ይጠራጠሩ የነበሩት አዲሱ ነገር በማን እጅ እንደሚሆን ነው። በ1898 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ በግብፅ ብሔራዊ ባንክ ሥር ነበር። እቴጌይቱ በ1901 ዓ.ም. ገደማ ለእርሻና ለንግድ የሚያበድር፣ በአገር ሰው ገንዘብ የሚቆም ሌላ ማኅበር እንዲቋቋም አደረጉ። በ1890ዎቹ መጨረሻ በፒያሳ ያሠሩት ሆቴልም በአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ሆቴል ነው። እስከዚያ ጊዜ ድረስ የውጭ እንግዳ የሚያርፈው በመኳንንት ቤት ወይም በድንኳን ነበር። ሕንፃው በጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት ክፉኛ ቢጎዳም ታድሶ ዛሬም በስማቸው ይጠራል። ለአብያተ ክርስቲያናትና በኢየሩሳሌም ለሚገኙት የኢትዮጵያ ገዳማትም ብዙ ረድተዋል።

የሥልጣናቸው መጨረሻ

እስካሁን ከተነገረው ሁሉ እቴጌ ጣይቱ አገር ይመሩ እንደ ነበር ግልጽ ነው። ነገር ግን የሥልጣናቸውን ወሰን የሚደነግግ አንዳች ሕግ አልነበረም። ዘውድና ማኅተም ነበራቸው፤ ርስትና ጦርም ነበራቸው። በመንግሥት ውሳኔ ላይ የነበራቸው ድምፅ ግን በንጉሠ ነገሥቱ እምነት ላይ ብቻ የቆመ ነበር። ከምኒልክም ልጅ አልወለዱም። በአንድ ምሰሶ ላይ የቆመ ጣሪያ ምሰሶው ደህና እስከ ሆነ ድረስ ይቆማል።

ዐፄ ምኒልክ ከ1898 ዓ.ም. ወዲህ ሕመም እየጸናባቸው ሄደ። በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሾሙ፤ በ1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አደረጉ፤ ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደውም ሞግዚት ሆኑ። ንጉሠ ነገሥቱ መናገር እየተሳናቸው ሲሄድ ትእዛዙ ሁሉ ከእቴጌይቱ ዘንድ መውጣት ጀመረ። በዚህ ጊዜ የፈጸሙትን ስህተት መሸሸግ አይገባም። የቆዩ ሹማምንትን እየሻሩ ዘመዶቻቸውንና ወዳጆቻቸውን በየቦታው ሾሙ። ለዙፋኑ የሚመርጡት የምኒልክን ልጅ ወይዘሮ ዘውዲቱን እንደ ነበር ይታመናል፤ ወይዘሮዋ የእቴጌይቱን የወንድም ልጅ ራስ ጉግሣ ወሌን ያገቡ ነበሩ። የሸዋ መኳንንት ይህን ሲያዩ ሥልጣን ወደ ሰሜንና ወደ የጁ ቤት ሊሻገር ነው ብለው ሰጉ።

በእቴጌይቱ በኩል ሆነን ብናየው ደግሞ ሌላ መንገድ ነበራቸው ለማለት ያስቸግራል። ምሰሶው ሲዝል ድጋፍ ፍለጋ እጃቸውን የዘረጉት ወደ ሥጋ ዘመዶቻቸው ነው። በዚያ ዘመን ከዘመድ ሌላ አስተማማኝ ደጋፊ የሚያውቅ መኳንንት አልነበረም። ሌሎቹ ያደርጉት የነበረውን እሳቸውም አደረጉ፤ ልዩነቱ እሳቸው ሴት መሆናቸውና ከሌላ አገር የመጡ መሆናቸው ነው። መጋቢት 12 ቀን 1902 ዓ.ም. መኳንንቱና መሐል ሰፋሪው ተባብረው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስና ራስ ተሰማ ባሉበት፣ እቴጌይቱ ከመንግሥት ሥራ ርቀው ሕመምተኛውን ባላቸውን ብቻ እንዲያስታምሙ ወሰኑ። ደም አልፈሰሰም። የ27 ዓመት ሥልጣን በአንድ ምክር ተዘጋ።

እቴጌይቱ ውሳኔውን ተቀብለው ዐፄ ምኒልክን እስከ ዕለተ ሞታቸው አስታመሙ። ንጉሠ ነገሥቱ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሞታቸው ለሕዝብ አልተገለጠም፤ ባለቤታቸው እንደ ወጉ በአደባባይ ሊያለቅሱላቸው እንኳ አልቻሉም። ከዚያ በኋላ ወደ እንጦጦ ወጥተው በማርያም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በጸሎት ተቀመጡ። ከ27 ዓመት በፊት ብርዱንና ነፋሱን ሸሽተው ከወረዱበት ተራራ ላይ ሆነው ራሳቸው የሰየሟትን ከተማ ቁልቁል ያዩ ነበር።

መኳንንቱ ልጅ ኢያሱን በመስከረም 1909 ዓ.ም. ሽረው ወይዘሮ ዘውዲቱን ንግሥተ ነገሥታት አደረጉ። እቴጌይቱ ይመኙት ነበር የተባለው፣ ለመውረዳቸውም አንዱ ምክንያት የሆነው ነገር፣ ሰባት ዓመት ሳይሞላ በዚያው በመኳንንቱ እጅ ተፈጸመ። ሆኖም በዚህ ጊዜ ከንግሥቲቱ ጋር አልጋ ወራሽና እንደራሴ አብሮ ስለ ተሾመ የመንግሥቱ ሥራ ቀስ በቀስ ወደ ራስ ተፈሪ እጅ አለፈ። እቴጌ ጣይቱ የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. ዐረፉ። ዕለቱ ንግሥት ዘውዲቱ ዘውድ የጫኑበት አንደኛ ዓመት ነበር። ዛሬ አጽማቸው በታእካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ከባለቤታቸው ጎን ይገኛል።

ማጠቃለያ

የእቴጌ ጣይቱን ሕይወት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስንመለከት፣ የጸናውና የፈረሰው ተለይተው ይታያሉ። የፈረሰው በሰው እምነት ላይ ብቻ ቆሞ የነበረው ሥልጣናቸው ነው። የጸናው በመሬት ላይ ወይም በወረቀት ላይ የቆመው ሥራቸው ነው። ከተማዋ አለች፤ ሆቴሉ አለ፤ የአንቀጽ 17 መሻር በውል ሰፍሮ አለ። ከሥልጣን ያወረዷቸው ሰዎች እንኳ የመከሩት እሳቸው በሰየሟት ከተማ ተቀምጠው ነው።

ይህን ለእኛ ለባለሙያዎች የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ይህ ጸሐፊ ሥራ በጀመረበት መሥሪያ ቤት አንዲት የውኃ መስመር ባለሙያ ነበረች። ቫልቩ ሁሉ የት እንዳለ፣ የትኛው መስመር በየት እንደሚያልፍ የምታውቀው እሷ ነበረች፤ ማዕረጓ ግን ከብዙዎቻችን ያነሰ ነበር። ያከብሯት የነበሩት ኃላፊ ሲዛወሩ አዲሱ ኃላፊ ወደ ሌላ ክፍል አዛወራት። ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ትልቅ መስመር ሲፈነዳ መዝጊያውን ለማግኘት ሁለት ቀን ቆፈርን። በእርግጥ የመንግሥት ዙፋንና የአንድ መሥሪያ ቤት ወንበር አይወዳደሩም። ነገሩ ግን አንድ ነው። በአለቃ መልካም ፈቃድ ብቻ የሚሠራ ሰው፣ ዕውቀቱ ምንም ያህል ቢሆን፣ አለቃው ሲሄድ ይሄዳል፤ ጉዳቱም የእሱ ብቻ አይሆንም።

ከእቴጌ ጣይቱ ዘመን ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል፤ በማኅበራችንም የሴቶች አባላት ቁጥር ከዓመት ወደ ዓመት እየጨመረ ነው። ቢሆንም ስንቶቻቸው ለሠሩት ሥራ የሚመጥን፣ በጽሑፍ የተደነገገ ኃላፊነት እንዳላቸው እያንዳንዳችን በየመሥሪያ ቤታችን ልንጠይቅ ይገባል። እቴጌይቱን በየዓመቱ በየካቲት ወር በክብር እናስታውሳቸዋለን። ከዚህ ጋር በየሥራ ቦታችን የውኃውን ምንጭ የሚያውቁትን ሰዎች ለይተን ብናውቅ፣ ሥልጣናቸውንም ከዕውቀታቸው ጋር ብናስተካክል፣ መታሰቢያቸው ይበልጥ የተሟላ ይሆናል ብዬ አምናለሁ።